በእጅ የተሠራ የሻና ቶቫ ካርድ፦ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ወረቀት ላይ



የኤሉል ወር ሲገባ በከተማችን በፔታ ቲክቫ ልጆቻችን ከመዋዕለ ሕፃናትና ከትምህርት ቤት ካርድ ይዘው ይመጣሉ። ካርዱ ላይ ሮማን፣ ፖም፣ የማር ማሰሮ ወይም ቀንደ መለከት ተስሎበት ከሥሩ በዕብራይስጥ «ሻና ቶቫ» ተብሎ ተጽፎበታል። አባትና እናት ያነቡታል። አያት ግን ካርዱን አገላብጠው ያዩትና ሥዕሉን አድንቀው፣ ልጁን ስመው፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያስቀምጡታል። ምን እንደሚል ሳያውቁት ዓመቱ ያልፋል። በዚያው ልክ አያት በበዓሉ ማታ እጃቸውን ዘርግተው የሚመርቁትን ምርቃት ልጁ ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን አይሰማም። «አሜን» ማለቱን ግን አይረሳም።

በዚህ እትም የሻና ቶቫ ካርድ ልማድ ከየት እንደመጣ፣ የሚጻፉበት ቃሎች ምን ማለት እንደሆኑና በቤታችን ከሚገኝ ወረቀትና ማኅተም እንዴት አድርገን በእጃችን እንደምንሠራው እናያለን። ሐሳባችን ልጁ ብቻውን ሠርቶ ለአያቱ እንዲሰጥ አይደለም። አያትና የልጅ ልጅ አብረው ተቀምጠው አንዱን ካርድ ለሁለት እንዲሠሩትና ለሌላ ዘመድ እንዲልኩት ነው።

ልማዱ ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ ሳለን ይህ በዓል «ብርሃን ሠረቀ» ይባል እንደነበር አዛውንቶቻችን ያስታውሳሉ። በሰባተኛው ወር መባቻ የሚውል፣ አባታችን አብርሃም ልጁን ይስሐቅን ለመሥዋዕት ያቀረበበት ቀን የሚታሰብበት በዓል ነበር። እዚህ ሁለት ቀን ይከበራል፤ እዚያ ግን አንድ ቀን ብቻ ነበር። ካርድ የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። መልካም ምኞት የሚደርሰው ሰውየው ራሱ በእግሩ ሄዶ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ጉልበት ስሞ ወይም ተመርቆ ነበር።

ካርዱ የመጣው ከአሽከናዝ አይሁድ ልማድ ነው። በጀርመን አገር የነበሩት ታላቁ ረቢ ያዕቆብ ሞሊን፣ ማሃሪል በመባል የሚታወቁትና እ.ኤ.አ. በ1427 ያረፉት፣ በኤሉል ወር ለወዳጁ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በደብዳቤው ላይ የመልካም ዓመት ምኞት እንዲጨምርበት የሚለው ልማድ በስማቸው ይጠራል። ለብዙ መቶ ዓመታት ምኞቱ በደብዳቤ ራስጌ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1869 ፖስትካርድ በኦስትሪያና ሃንጋሪ መንግሥት ከተጀመረ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ በጀርመን፣ በፖላንድና በኒው ዮርክ ሥዕል ያለባቸው የሻና ቶቫ ካርዶች በብዛት ይታተሙ ጀመር።

በእስራኤል በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ካርዱ ገናና ነበር። ከበዓሉ በፊት በየመንገዱ ዳር ጠረጴዛ ተዘርግቶ ይሸጥ ነበር፤ በላዩ ላይ ብልጭልጭ የተነሰነሰበት፣ ወታደር፣ ትራክተርና አበባ የተሳለበት። እ.ኤ.አ. ከ1967ቱ የስድስት ቀን ጦርነት በኋላማ የሞሼ ዳያንና የይስሐቅ ራቢን ፎቶግራፍ ያለበት የሻና ቶቫ ካርድ ወጥቶ ነበር። ፖስታ ቤቱም መንግሥቱ በተመሠረተበት በ1948 ለሮሽ ሃሻና ልዩ ቴምብር አውጥቷል፤ ከዚያ ወዲህም የበዓላት ቴምብር በየዓመቱ የሚጠበቅ ነገር ሆኗል። በኋላ ስልክ በየቤቱ ሲገባ፣ ከዚያም ሞባይል ሲመጣ የካርዱ ገበያ ቀዘቀዘ። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንልከው ከሌላ ሰው የደረሰንን ሥዕል በዋትስአፕ ማስተላለፍ ነው። አንዱ ሥዕል ከአምስት ዘመድ አምስት ጊዜ ይደርሰናል።

እንግዲህ ካርድ መላክ ሚጽቫ አይደለም፤ ያልላከ ሰው የሚጎድለው ትእዛዝ የለም። ልማድ ነው፣ ያውም ከሌሎች ወንድሞቻችን የተቀበልነው። ይሁን እንጂ ውስጡ የሚጻፈው ቃል የእኛም ቃል ነው። ይህንንም ቀጥለን እናያለን።

መጻፍና ማተም

በካርዱ ላይ የሚጻፈው ሙሉው ምኞት «ሌሻና ቶቫ ቲካቴቭ ቬቴሃቴም» ይላል። ለመልካም ዓመት ተጻፍ፣ ታተም ማለት ነው። ለሴት ሲሆን «ቲካቴቪ ቬቴሃቴሚ»፣ ለብዙ ሰው ሲሆን «ቲካቴቩ ቬቴሃቴሙ» ይባላል። በታልሙድ ሮሽ ሃሻና በተባለው ክፍል እንደተነገረው በዚህ ቀን ሦስት መጻሕፍት ይከፈታሉ፤ አንዱ የፍጹማን ጻድቃን፣ ሁለተኛው የፍጹማን ኃጢአተኞች፣ ሦስተኛው የመካከለኞች። ጻድቃን ወዲያው ለሕይወት ይጻፋሉ፣ ይታተማሉ። መካከለኞች ግን እስከ ዮም ኪፑር፣ እኛ «አስተስርዮ» እስከምንለው ቀን ድረስ ፍርዳቸው ተንጠልጥሎ ይቆያል። ከሮሽ ሃሻና በኋላ ሰላምታው «ጌማር ሃቲማ ቶቫ» ወደሚለው የሚለወጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ መልካም የማኅተም ፍጻሜ እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ አዛውንቶቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። የዕብራይስጡ «ካታቭ» ከግዕዙ «ከተበ» ጋር፣ «ሃታም» ደግሞ ከግዕዙ «ኀተመ» ጋር አንድ ሥር ናቸው። «ክታብ»ና «ማኅተም» ስንል የኖርነው ከዚያው ሥር ነው። ማኅተም የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሽማግሌ ሃቲማ የሚለውን ለመረዳት ኡልፓን መግባት አያስፈልገውም። የልጅ ልጁም ትምህርት ቤት ወረቀት ላይ የሚመታውን የጎማ ማኅተም «ሆቴሜት» ብሎ ይጠራዋል፤ ያም ከዚያው ነው። ስለዚህ ካርዱን በማኅተም ማስጌጥ ለበዓሉ የሚስማማ ሥራ ነው እንላለን።

የእኛው የአማርኛ ሰላምታ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። «እንኳን አደረሳችሁ» ስንል፣ «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ» ስንል፣ ወደ ኋላ ተመልክተን ነው። ያለፈውን ዓመት፣ በሽታውን፣ መንገዱን፣ ሐዘኑን አልፋችሁ እዚህ ስለደረሳችሁ ምስጋና ነው። የዕብራይስጡ ምኞት ግን ወደ ፊት የሚመለከት ነው፤ ገና ስላልተጻፈው ዓመት ይለምናል። በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ ሰዎች «እንኳን አደረሰን» ሲሉ ልጅ የማይሰማው ብዙ ነገር በውስጡ አለ። ልጁ ደግሞ ዓይኑ ወደሚመጣው ዓመት ነው። ካርዱ ሁለቱንም ቢይዝ ለሁለቱም የተሟላ ይሆናል፤ አንዱ የሌላው ትርጉም ስላልሆነ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

የአውራ ጣት አሻራ

በከተማችን አያቶችና ልጆች አንድ ላይ ሆነው ካርድ ሲሠሩ ተገኝተን ነበር። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ይቆርጣሉ፣ ይለጥፋሉ፤ አያቶቹ ከግድግዳው ጋር በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ያያሉ። አንዲት እናት «ነይ ጻፊ» ብትባል «እኔ መጻፍ አልችልም፣ እናንተ ጻፉልኝ» አሉ። የልጃቸው ልጅ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ነች፣ የማኅተሙን ቀለም አቅርባ የአያቷን አውራ ጣት ያዘች። እናትዮዋ እጃቸውን ሰበሰቡ። ለካ እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ አውራ ጣታቸውን ቀለም ያስነከሯቸው በየቢሮው፣ ያላነበቡት ወረቀት ላይ ሲያስፈርሟቸው ብቻ ነበር። ልጅቱ ይህን ከየት ታውቀዋለች? ዝም ብላ የራሷን ጣት ቀለም ነከረችና ወረቀቱ ላይ አተመች፤ በእርሳስም አክሊል ቀጠለችለት፤ ሮማን ሆነ። አያትዮዋ ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ሰጡ። በዚያ ካርድ ላይ ሰባት ሮማኖች ነበሩ፤ አራቱ ትልልቅ፣ ሦስቱ ትንንሽ።

ከዚያ ወዲህ ካርድ ስንሠራ የመጀመሪያው ማኅተም የጣት አሻራ እንዲሆን እንመክራለን። መሣሪያ አይፈልግም፣ ዕድሜ አይለይም። የአውራ ጣት አሻራ በቀይ ቀለም ሮማን፣ በቢጫ የአደይ አበባ ቅጠል፣ በብርቱካንማ የፔታ ቲክቫ ብርቱካን ይሆናል። ሥዕሉን ማን እንደሠራው ደግሞ ፊርማ ሳይኖር ይታወቃል። ቀለሙ በውኃና በሳሙና የሚለቅ መሆኑን አስቀድሞ ማየት ነው።

የበር ካርድ

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ካርድ ሲታጠፍ አንድ ችግር ይገጥመናል። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ። የዕብራይስጥ ካርድ እጥፋቱ በቀኝ በኩል ነው፣ የአማርኛው በግራ በኩል። በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ ካርድ እንደ ተራ ካርድ ከታጠፈ አንደኛው ቋንቋ የጀርባ ገጽ ላይ ይወድቃል።

መፍትሔው በመሐል እንደ ሁለት መዝጊያ የሚከፈት ካርድ ነው። ለከተማችንም ስም ይስማማል። ፔታ ቲክቫ ማለት የተስፋ በር ማለት ነው፤ ስሙ የተወሰደው ከትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 2 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ከኢየሩሳሌም የወጡ አይሁድ መንደሩን ሲመሠርቱ ያወጡለት ነው።

ተራውን የኤ4 መጠን ወፍራም ወረቀት፣ ልጆቹ ብሪስቶል የሚሉትን፣ ለሁለት እኩል ቁረጡት። አንዱ ግማሽ 21 ሳንቲ ሜትር በ14.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አግድም አስቀምጡትና ከላይም ከታችም መሐሉን፣ ማለትም 10.5 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በእርሳስ በስሱ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከቀኙም ከግራውም ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ያህል ለክታችሁ መታጠፊያውን አስምሩ። ወፍራም ወረቀት ዝም ብሎ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቀለሙ ባለቀ እስክርቢቶ ወይም በመቀስ ጀርባ ማስመሪያ አስደግፋችሁ መስመሩን ጫን ብላችሁ አስምሩትና ከዚያ እጠፉት። ሁለቱ መዝጊያዎች መሐል ላይ ይገናኛሉ። 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር አይከፋም፤ ከተደራረቡ ነው ካርዱ አልዘጋ የሚለው። ሲታጠፍ መጠኑ 10.5 በ14.8 ስለሚሆን 11.4 በ16.2 የሆነው የፖስታ ኤንቨሎፕ በትክክል ይይዘዋል።

ሲከፈት ሦስት ቦታ ይኖራችኋል። በቀኙ መዝጊያ ውስጠኛ ገጽ ዕብራይስጡ ከቀኝ ይጀምራል። በግራው አማርኛው ከግራ ይጀምራል። ሁለቱ ጽሑፎች ወደ መሐል ወደ ሥዕሉ ይመጣሉ። መሐሉን ለአሻራና ለስም ተዉት።

ማኅተም ስለ መቅረጽ

የተዘጋጀ የጎማ ማኅተም በጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይሸጣል፤ ነገር ግን ዋጋው ለሚሰጠው አገልግሎት ብዙ ነው ብለን እናምናለን። ድንች በቂ ነው። ጠንካራ ድንች መርጣችሁ ለሁለት ቁረጡና የተቆረጠውን ፊት ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍታችሁ ለአሥር ደቂቃ ያህል ውኃው እንዲመጠጥ አድርጉ። ይህ ሲዘለል ነው ቀለሙ የሚዝረከረከው። ቅርጹን በእስክርቢቶ ሳሉበትና ዙሪያውን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ቆርጣችሁ አንሱለት፤ ቢላዋውን ትልቅ ሰው ይያዝ። ማኅተሙን ቀለም ውስጥ አትንከሩት። ቀለሙን በትንሽ ስፖንጅ በስሱ ቀቡት፣ መጀመሪያ ሌላ ወረቀት ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ ካርዱ ላይ ሳታንቀሳቅሱ ጫን አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ አንሱት። የድንች ማኅተም ዕድሜው አንድ ቀን ነው፤ በማግስቱ ይሟሽሻል። ለብዙ ጊዜ የሚቆይ ከፈለጋችሁ በትልቅ ላጲስ ላይ ቅረጹ። ግማሽ ሎሚም እንዲሁ ፊቱን አድርቃችሁ ብታትሙበት የተሽከርካሪ ጎማ የመሰለ ደስ የሚል ቅርጽ ይሰጣል። ፔታ ቲክቫ በብርቱካንና በሎሚ እርሻ የታወቀች መንደር ነበረችና ይህም ይገባታል።

ፊደል ለመቅረጽ ለሚፈልጉ ማስጠንቀቂያ አለን። ማኅተም ሁሉን ነገር ይገለብጣል። «ሻና ቶቫ» ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ከቀረጻችሁት ሲታተም በመስታወት እንደታየ ሆኖ ይወጣል። ይህ ብዙ ድንች ካበላሸን በኋላ የተማርነው ነው። የማይገለበጥ ፊደል ግን አለ፤ የእኛ ሠ። ግራና ቀኙ አንድ ነው። የዕብራይስጡ ሺንም እንደዚሁ ሊባል የሚችል ነው። ሁለቱ ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም እጆቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል። «ሻና» የሚለው ቃል በሺን ይጀምራል፣ «ሠረቀ» ደግሞ በንጉሡ ሠ። አያት ሠን፣ የልጅ ልጅ ሺንን ቀርጸው ጎን ለጎን ቢያትሟቸው ልጁ የአያቱ ፊደል ባዕድ አለመሆኑን ያያል። ብዙ ንግግር አያስፈልገውም።

ወረቀት፣ ጥለትና አለላ

ስለሚያጌጠው ወረቀት ገበያ መውጣት ግዴታ አይደለም። የስጦታ መጠቅለያ፣ ያለፈ ዓመት ቀን መቁጠሪያ፣ የቸኮሌት ብልጭልጭ ወረቀት፣ ቀለም ያለው መጽሔት በየቤቱ አለ። ዋናው ነገር አሠራሩ ነው፤ በዚህ ደግሞ አያቶቻችን ባለ እጅ ናቸው።

የነጠላን ጥለት የሚያውቅ ሰው የካርድ ጠርዝ እንዴት እንደሚያምር ያውቃል። ሦስት ወይም አራት ቀጭን የወረቀት ቅዳጅ፣ አንዱ ሰፋ ሌላው ጠበብ ያለ፣ በመዝጊያዎቹ ጫፍ ላይ ቁልቁል ሲለጠፍ ጥለት ይሆናል። ስፌት የሰፉ እናቶች ደግሞ ቀለም አመራረጥ ላይ ማንም አይደርስባቸውም። አለላ ሲያቀልሙ የትኛው ቀለም ከየትኛው አጠገብ እንደሚቀመጥ ከልጅነት ጀምሮ ያውቁታል። ልጁ ሁሉን ቀለም አንድ ላይ መለጠፍ ሲፈልግ «ይሄን አውጣው» የሚሉት እሳቸው ይሁኑ።

የአባቶች ሥራ ሽመና ነው። ከቤተ እስራኤል ወንዶች ብዙዎቹ ሸማኔ ነበሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ። የወረቀት ሽመና እንዲህ ነው፦ አንዱን ወረቀት ጫፉ ሳይቆረጥ በአንድ ሳንቲ ሜትር ልዩነት ትተለትሉታላችሁ፤ ይህ ድሩ ነው። ከሌላ ቀለም ወረቀት ቅዳጆች ትቆርጡና አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፋችሁ ታስገቡታላችሁ፤ ይህ ማጉ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ እየተለዋወጠ ይሄዳል። ሲያልቅ ጫፎቹን በሙጫ ያዙና በመሐለኛው ገጽ ላይ ለጥፉት። ድርና ማግ የሚሉትን ቃላት ልጁ ያኔ ይማራቸዋል። አያት መጓጎጫውንና መወርወሪያውን እያስታወሱ የሚናገሩትን ለማዳመጥ ግማሽ ሰዓት መመደብ ጥሩ ነው፤ ሥራው ቢዘገይም ይዘግይ።

ሙጫን በተመለከተ፣ በዱላ መልክ የሚሸጠው ደረቅ ሙጫ ይሻላል። ከዱቄት የሚሠራው ወረቀቱን ያጎሳቁላል። ለፋሲካ ካርድ የሚሠራ ሰውማ የዱቄት ሙጫ ሐሜጽ መሆኑን አይርሳ! ብልጭልጩን ዱቄት ግን እኛ አንወደውም፤ ከካርዱ ይልቅ የበዓሉ ገበታ ላይ ይቀራል።

ምን ብለን እንጻፍ?

ዕብራይስጥ ለትልቁም ለትንሹም «አታ» ነው የሚለው። በዚህ ምክንያት ልጆቻችን በአማርኛ ሲጽፉ አያታቸውን «አንተ» ይላሉ። አይቆጡባቸው፤ ያስተምሯቸው። ለአያት «እንኳን አደረሰዎ» ነው። በጎንደር ያደጉ «አንቱ» ይላሉ፣ ሌሎች «እርስዎ»። ለእህት «እንኳን አደረሰሽ»፣ ለወንድም «እንኳን አደረሰህ»፣ ለቤተሰብ «እንኳን አደረሳችሁ»። ለቄስ የሚላክ ከሆነ «ለክቡር ቄሳችን» ተብሎ ይጀመራል።

እንደ አሮጌው የደብዳቤ ልማድ «ይድረስ» ብሎ መጀመርም ያምራል። ለምሳሌ፦ «ይድረስ ለእማማ። ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እንኳን ለብርሃን ሠረቀ በሰላም አደረሰዎ። ዓመቱ የጤናና የደስታ ይሁንልዎ። የልጅ ልጅዎ።» ይህ በቂ ነው። ልጁ ፊደሉን የማያውቅ ከሆነ አያት ወይም እናት በእርሳስ በስሱ ይጻፉለት፣ እሱ በቀለም ይከተለው። አያትም በዕብራይስጥ «ሻና ቶቫ» የሚሉትን ጥቂት ፊደላት በዚሁ መንገድ ሊጽፉ ይችላሉ። አስተማሪና ተማሪ ቦታ ሲለዋወጡ ሁለቱም ይስቃሉ።

ስለ እንቁጣጣሽም የሚጠይቁን አሉ። በአዲስ አበባና በጎንደር ከተማ ያደጉ ወገኖች ወንዶች ልጆች አበባና ፀሐይ በቀለም እየሳሉ በየቤቱ ሲያድሉ፣ ሴቶች ልጆች «አበባየሆሽ» እያሉ ሲዞሩ ያስታውሳሉ። በእጅ የተሠራ የአዲስ ዓመት ካርድ ከተባለ እሱም አንዱ ነው። ሁለቱ በዓላት ይቀራረባሉ፤ እንዲያውም በ2026 መስከረም 1 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 11 ዓርብ ይውላል፣ በዚያው ቀን ማታ ደግሞ የ5787 ሮሽ ሃሻና ይገባል። ቢሆንም በዓሎቹ የየራሳቸው ናቸው፤ አይቀላቀሉ። ከእንቁጣጣሽ ሥዕሎች መላእክትና ቅዱሳን የተሳሉባቸው ስለነበሩ እነዚያን ለእኛ ካርድ አንወስድም። አደይ አበባውን ግን ማንም አይከለክለንም።

ስለ መላክ

በእጅ መስጠት ከሁሉ ይበልጣል። በፖስታ የሚላከው ግን በኤሉል መጀመሪያ ይላክ፤ የበዓል ሰሞን ፖስታ ይዘገያል። በጎንደርና በአዲስ አበባ አሁንም ተራቸውን የሚጠባበቁ ዘመዶች ላሏቸው ቤተሰቦች አንድ ነገር እናስታውስ። በኢትዮጵያ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሆነ የመንደሩን ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም። የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው የማንን ሣጥን እንደሚጠቀም በስልክ ጠይቁት። የኢትዮጵያና የእስራኤል ግንኙነት ከ1973 እስከ 1989 ተቋርጦ በነበረበት ዘመን ከዘመድ አንዲት ወረቀት ማግኘት ምን ያህል እንደነበር የሚያውቁ ያውቁታል። ዛሬ የስልኩ ሥዕል ቶሎ ይደርሳል፤ ትራስ ሥር የሚቀመጠው ግን ወረቀቱ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የተጣላነውን ሰው በካርድ ብቻ ይቅርታ ጠይቀን አንገላገል። በሚሽና ዮማ እንደተጻፈው በሰውና በሰው መካከል ያለውን በደል ዮም ኪፑር አያስተሰርየውም፣ በዳዩ የተበደለውን እስኪያስታርቅ ድረስ። ካርዱ በር ሊከፍት ይችላል። ከዚያ ወዲያ ግን እንደ አገራችን ልማድ ሽማግሌ ይዞ መሄድ ነው።

ካርዱ የሚሠራው በሥራ ቀን ነው። መጻፍ፣ መቁረጥ፣ ማጣበቅና ማተም በሰንበትና በበዓል የተከለከሉ ሥራዎች ናቸው፤ ልጁ በበዓሉ ዕለት የቀረውን ልጨርስ ቢል አይፈቀድለትም። ካርዱ ላይ ከኦሪት ጥቅስ ወይም በዕብራይስጥ የፈጣሪን ስም አትጻፉበት፣ አንድ ቀን መጣሉ አይቀርምና። ተጽፎበት የተገኘ ካለ ወደ ቆሻሻ አይጣልም፤ ወደ ምኩራቡ ጌኒዛ ይወሰዳል። በአማርኛ «እግዚአብሔር» ስለተጻፈበት ካርድ ቄሳችሁን ወይም ረቢያችሁን ጠይቁ፤ እኛ በክብር ማስቀመጡን እንመርጣለን።

የደረሷችሁን ካርዶች ደግሞ ሱኮት እስኪደርስ ሰብስቡ። ብዙ ቤተሰቦች በክር ሰክተው በሱካው፣ እኛ በበዓለ መጸለት በምንሠራው ዳስ፣ ግድግዳ ላይ ይሰቅሏቸዋል። የሌሊት ጤዛ ቀለሙን እንዳያፈሰው በስስ ላስቲክ ሸፍኗቸው። አንድ ጊዜ ለሱካው ጌጥ ከተሰቀሉ በኋላ በበዓሉ ቀኖች አውርዶ ለሌላ ነገር መጠቀም አይፈቀድምና፣ የላኪው አድራሻ ከጀርባው ያለ እንደሆነ ከመስቀላችሁ በፊት ገልብጣችሁ ያዙት።